አጠገባቸው ቆሞ ነበር

ያን ጠዋት በባቡር ጣቢያው ማን የት ቆሞ እንደነበር ዛሬም ሳልሳሳት መናገር እችላለሁ። ፈረንሳዊው ፖሊስ፣ ጀንዳርሙ፣ ከሦስተኛው ፉርጎ በር ፊት፣ ጀርባውን ለፀሐይ ሰጥቶ ቆሟል። ካኪ የለበሰው አስተርጓሚ ከጎኑ ነው፤ አንድ እግሩን መወጣጫው ላይ አሳርፏል። ወደ ድሬዳዋ የሚሄዱ መንገደኞች በፊታቸው ተሰልፈዋል። ከሰልፉ አራተኛው ግራጫ ኮት የደረቡ፣ ጢማቸው የሸበተ ሰው ናቸው። ትኬት ተቆጣጣሪው በእርሳቸው ግራ፣ ክንዳቸው ሊነካካ እስኪደርስ ቀርበው፣ የትኬት መብሻቸውን ይዘዋል። እኔ ከውኃ ቧንቧው አጠገብ ነኝ፤ በመካከላችን ስድስት እርምጃ ቢሆን ነው። ዘንቢል ታቅፌያለሁ። አባቴ አልነበረም። እናቴም አልነበረችም። የተቆጣጣሪው ልጅ፣ የእኔ ጓደኛ፣ በዚያ ሰዓት ትምህርት ቤት ነበረች።

ከዚህ ሁሉ ውስጥ ያን ቀን ለሰው የተናገርኩት አንዱን ብቻ ነው።

ባለፈው ሳምንት ጓደኛዬ እኔ ወደምኖርበት አምቡሊ ድረስ መጣችልኝ። አውሮፕላን ሲያርፍ መስኮቱ የሚንቀጠቀጥ አንድ ክፍል ቤት አለኝ፤ እዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ከቦርሳዋ በመሐረብ የተጠቀለለ ነገር አወጣች። የአባቷ የትኬት መብሻ ነበር። ሁለት ጊዜ ጨመቀችው። ቀጭ፣ ቀጭ አለ። ዝገት በልቶታል፤ ድምፁ ግን ያው ነው። ድምፁን ስሰማ የሬንጅ ሽታ መጣብኝ። የሐዲዱን እንጨት ሬንጅ ይቀቡት ስለነበር፣ ፀሐይ ሲመታው ሽታው ከባሕሩ ጨው ጋር ተደባልቆ ጉሮሮ ይይዝ ነበር።

«ድንጋይ ሊያቆሙ ነው» አለችኝ። «አሮጌው ጣቢያ። የመሪው ድንጋይ።»

«ሰምቻለሁ።»

«የተጻፈበትንስ ሰምተሻል?»

አልሰማሁም ነበር።

«‹በክህደት ተላልፈው ተሰጥተው ከዚህ ቦታ ተወሰዱ› ይላል። በፈረንሳይኛም በአረብኛም። ልጃቸው ነው ከውጭ አሠርቶ ያመጣው።» መብሻውን እንደገና ጠቀለለችው። «ስም አልጻፉም። ምን ያደርግላቸዋል? በዚህ ከተማ ክህደት ማለት አባቴ እንደሆነ የማያውቅ ሽማግሌ የለም።»

ሻይ ልጥድ ተነሣሁ፤ እጄን ይዛ አስቀመጠችኝ።

«አንቺ እዚያ ነበርሽ። ያየሽውን ብቻ ንገሪልኝ። እስከ ዛሬ አስቸግሬሽ አላውቅም።»

እውነቷን ነው፤ አስቸግራኝ አታውቅም። ከሰባት ዓመታችን ጀምሮ አንቺ እየተባባልን፣ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው ያደግነው። ባሌ የሞተ ጊዜ አርባ ቀን ከጎኔ ያደረችው እሷ ናት። እሺ አልኳት።

መሪ ሲባል ሰው አደባባይ ላይ የሚጮህ ሰው ይታየዋል። እኔ የማውቃቸው ግን በሆስፒታል ቁስል የሚያጥቡ ነርስ ነበሩ። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ነው። ጥፍራቸው ሁልጊዜ የተከረከመ፣ እጃቸው አልኮል አልኮል የሚሸት። አባቴን ስኳር በሽታ ይዞት እግሩ ቆስሎ ነበር፤ የፈረንሳይ ሐኪሞች ከጉልበት በታች ይቆረጥ ብለው ወስነዋል። እርሳቸው ግን «ትንሽ ቀን ስጡኝ» አሉና በየቀኑ ከሥራ ሲወጡ ካርቲዬ ሁለት ሰፈር ወዳለው ቤታችን እየመጡ፣ በረንዳው ላይ ተንበርክከው ያን እግር ሲያጥቡ አራት ወር ከረሙ። እግሩ ዳነ። አባቴ ጨርቅ ነጋዴ ነበር፤ ሙሉ ልብስ የሚሆን ጨርቅ ሰጣቸው። ግራጫው ኮት ከዚያ ጨርቅ የተሰፋ ነው።

ከእኛ ቤት ሲወጡ ወደ ወደቡ ሰዎች ይሄዳሉ። እዚያም መጀመሪያ ቁስላቸውን ያያሉ፤ ገመድ የላጠው መዳፍ፣ ሣጥን የወደቀበት ጣት። ከዚያ ነው የሚያወሩት። ተሰብስበው ሲያወሩ አልሰማኋቸውም፤ ግን አንዲት አባባላቸው በየሱቁ ትደገም ነበር። «ቤቱ የእኛ ከሆነ ቁልፉ በእንግዳ ኪስ ምን ይሠራል?» ይሉ ነበር አሉ። ይህችን የሚሉት እንደ ቀልድ ነው፤ ሰዎቹም ይስቃሉ። ፈረንሳዮቹ ግን አልሳቁም።

ከዚያ የወደቡ አድማ ሆነ። ወታደሮች ተኮሱ። ስንት ሰው እንደሞተ እኔ አላውቅም፤ የማውቀው ሦስት ቀን ሙሉ በቤታችን አጠገብ ቃሬዛ ሲያልፍ እናቴ መስኮት እየዘጋች እኔን ወደ ጓዳ ስታስገባኝ ነው። በአራተኛው ቀን ከመግሪብ በፊት እርሳቸው በጓሮ በር ገቡ። ሸሚዛቸው ላይ የደረቀ ደም ነበር። የራሳቸው አልነበረም።

አባቴ በሶማሊኛ «አሁን ደግሞ እንግዳው እርስዎ ሆኑ» እያለ ሊያስቃቸው ሞከረ። በሶማሊኛ ያለው እንደዚያ አይደለም፤ እኔ ነኝ ወደ አማርኛ ሳመጣው «እርስዎ» የምጨምርበት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስማቸው በቤታችን «እንግዳው» ሆነ። ጎረቤት ቢጠይቅ ከድሬዳዋ የመጣ አጎት ነው እንድንል ተነገረን።

ከተማዋ በዚያን ጊዜ በሽቦ ታጥራ ነበር። በእግር የሚወጣ በሽቦው ላይ ይያዛል፤ በመኪና የሚወጣ ኬላ ላይ። የቀረው ባቡር ብቻ ነው። እውነተኛው አጎቴ ባለፈው ክረምት እኛ ቤት ሞቶ ወረቀቱ አባቴ ሣጥን ውስጥ ቀርቷል። ጢሙም ዕድሜውም ይመሳሰላል። የባቡሩን ነገር ትኬት ተቆጣጣሪው ያዙት፤ የአባቴ የልብ ወዳጅ ነበሩ፤ ካርቲዬ አንድ ነው ቤታቸው፤ እሑድ እሑድ ዳማ ይጫወታሉ። ከእኛ ቤት ውጪ ነገሩን የሚያውቁ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ይህን ልብ በሉልኝ።

አንድ ነገር ብቻ አልተሟላም። ሰው በኢትዮጵያ ወረቀት እየሾለከ ስለበዛ፣ ፈረንሳዮቹ አማርኛ የሚያውቅ አስተርጓሚ ጣቢያው ላይ አቁመዋል። ወረቀትህን አይቶ በአማርኛ ይጠይቅሃል። የድሬዳዋ ነጋዴ ነኝ ብለህ መመለስ ካቃተህ ያዝ ነው። እንግዳው ሶማሊኛ፣ አፋርኛ፣ አረብኛና ፈረንሳይኛ ያውቃሉ። አማርኛ አያውቁም።

አባቴ ጠራኝ። አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር፤ በመነኮሳቱ ትምህርት ቤት ሁለተኛ ደረጃ ጀምሬያለሁ።

«አሥራ ሁለት ቀን አለሽ» አለኝ። «አራት ጥያቄ፣ አራት መልስ። አራት አይሞላም የሚጠይቀው። አንድ ነገር ግን ስሚ፤ ስትጠይቂያቸው ‹አንተ› እያልሽ። ያ ባለ ካኪ ለወለደው አባቱም ‹እርስዎ› አይልም።»

«እሺ» አልኩ።

አባቴ የድሬዳዋ ልጅ ነው። ሽማግሌውንም ሹፌሩንም «አንተ፣ አቦ» ይላል፤ እኔም እሱን አንተ የምለው እሱ ራሱ ግድ ብሎኝ ነው። እናቴ ግን ከወሎ ነው የመጣችው። ታላቅ ሰው አንተ ያለ ልጅ አፉ በርበሬ ይታሸት ነበር። እኔም ሁለት ጊዜ ታሽቻለሁ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ ከንፈሬ ላይ ያለ ይመስለኛል።

የመጀመሪያው ቀን እንግዳው ጓዳ ውስጥ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጠው፣ እኔ ምንጣፍ ላይ ሆኜ ጀመርን። የጓዳው ቆርቆሮ በቀኑ ሐሩር ይንቋቋል። በመዝጊያው ስንጥቅ የሚገባ ቀጭን ብርሃን በጉልበታቸው ላይ ያርፋል። አባቴ ያለኝን ላደርግ አፌን ከፈትኩ።

«አን...» አልኩ።

ከመጋረጃው ጀርባ እናቴ «ምን አልሽ?» አለች።

«ስምዎ ማን ነው?» አልኩ።

ከዚያ ወዲያ አልሞከርኩም። እናቴ ከዚያ በኋላ በመጋረጃው ጀርባ አልነበረችም፤ ስለዚህ በእሷ ማመካኘት አልችልም። ምላሴ አልታዘዘኝም፤ እኔም አላስገደድኩትም። የአባቴን እግር ተንበርክከው ያጠቡ ሰው ናቸው። «ስምዎ ማን ነው? ከየት መጡ? ወዴት ይሄዳሉ? ሥራዎ ምንድን ነው?» አልኳቸው፤ አሥራ ሁለት ቀን።

አያያዛቸው የራሳቸው ነበር። በአውራ ጣታቸው የሌባ ጣታቸውን አንጓ ይቆጥራሉ። የመጀመሪያው አንጓ ስም፣ ሁለተኛው «ከድሬዳዋ»፣ ሦስተኛው «ወደ ቤቴ»፣ የመካከለኛው ጣት የመጀመሪያ አንጓ «ጨርቅ እነግዳለሁ»። መጨረሻ ላይ እኔ በገዛ እጄ አምስተኛ ጨመርኩላቸው፤ ሰው ሲለያይ «ደህና ይሁኑ» ይላል አልኳቸው። እሷን በጣም ወደዷት። ሻይ ባቀረብኩላቸው ቁጥር «ደህና ይሁኑ» ይሉኝ ነበር፤ እኔም ሻይ ሲሰጡ እንደማይባል ደጋግሜ ብነግራቸውም አልተዉም።

አንድ ቀን በፈረንሳይኛ ጠየቁኝ። ፈረንሳይኛ ታላቅ ሰው «ቩ»፣ እኩያ «ቱ» ይባልበታልና፣ «ይህ የምትጠይቂኝ ሁሉ ‹ቩ› ነው አይደል? በእናንተ ‹ቱ› የለም?» አሉኝ።

«አለ» አልኳቸው። «ለእርስዎ ግን የለም።»

ሳቁ። ራሴን ዳበሱኝ። እኔም ጥሩ መልስ የመለስኩ መስሎኝ ቀኑን ሙሉ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

አባቴ ማታ ማታ ይጠይቀኝ ነበር። «አንተ ትያቸዋለሽ?»

«አዎ።»

በአሥራ ሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ አጎቷን የምትሸኝ የወንድም ልጅ ሆኜ አብሬያቸው ወጣሁ። ዘንቢሉ ውስጥ ዳቦና ተምር፣ የተቀቀለ እንቁላል ነበር። ካምሲን ይነፍስ ስለነበር አየሩ አሸዋ አሸዋ ይላል። እስከ መድረኩ ድረስ እጃቸውን ይዤ ሄድኩ። ከሰልፉ ሲገቡ ተቆጣጣሪው መጥተው ከጎናቸው ቆሙ፤ የፊተኛውን መንገደኛ ትኬት ቀጭ አደረጉ። ወደ እኔ ዞር ብለው ዓይናቸውን እንኳ አላርገበገቡም። እኔ ወደ ውኃ ቧንቧው ሄድኩ።

አስተርጓሚው ወረቀቱን አየ፤ ፊታቸውን አየ።

«አንተ፣ ወዴት ነህ?» አለ።

እንግዳው አፉን አፉን አዩት። አውራ ጣታቸው ሲንቀሳቀስ አየሁት። መጀመሪያው አንጓ ላይ ቆመ። የአጎቴን ስም ከነአባቱ አጥርተው ተናገሩ።

«እሱን ወረቀቱ ነግሮኛል» አለ አስተርጓሚው። «ወዴት ነህ ነው ያልኩህ።»

አውራ ጣታቸው አንድ ወረደ። «ከድሬዳዋ።»

«ኧረ? ስትመጣ ነው ስትሄድ ያገኘሁህ?»

ከሰልፉ ሰዎች ሳቁ። እንግዳውም ሌሎቹ ሲስቁ አይተው ፈገግ አሉ። እሱ ነው የማይረሳኝ፤ ያ ፈገግታ።

«ምን ትሠራለህ አንተ?»

«ወደ ቤቴ» አሉ።

ሳቁ ቆመ። ያን ጊዜ ነው ተቆጣጣሪው ወደ አስተርጓሚው ጆሮ ጎንበስ ያሉት። ቀስ ብለው ነው የተናገሩት፤ ግን ነፋሱ ወደ እኔ ነበርና ሰማሁ።

«ተዋቸው ወንድሜ። ጆሯቸው ከባድ ነው። የታመሙ ሰው ናቸው፤ ባቡሩም ረፍዷል።»

«ጆሮው ነው ወይስ ምላሱ?» አለ አስተርጓሚው። ከዚያ ወደ ጀንዳርሙ ዞሮ በፈረንሳይኛ «ይህ ሰውዬ በቀቀን ነው፤ የሸመደደውን ነው የሚያወራው» አለው።

ኮታቸውን ይዘው ከሰልፉ አወጧቸው። ካቴናውን እዚያው አሰሩባቸው። በእኔ በኩል ነበር የሚያልፉት። አላዩኝም፤ ማለት አይተውኛል፣ ግን አውቃታለሁ እንዳይባል ዓይናቸውን ከፊታቸው ካለው ግድግዳ ላይ አላነሱም። አጠገቤ ሲደርሱ ለማንም ያልተባለ በሚመስል ድምፅ «ደህና ይሁኑ» አሉ። ያን ያሉት ለእኔ ነው፤ ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ። ሌላ አነጋገር አላስተማርኳቸውማ።

ከዚያ ወዲያ በሕይወት ያያቸው የከተማችን ሰው የለም። በመርከብ ወደ ሩቅ ደሴት ወሰዷቸው፤ እስር ቤት ውስጥ በሁለተኛው ዓመት ሞቱ ተባለ። መቃብራቸው እዚያው ነው።

ቤት ስገባ ዘንቢሉ እጄ ላይ ነበር። አባቴ ወሬው ደርሶት በረንዳው ላይ ቆሟል።

«‹አንተ› እያልሽ ነው ያስተማርሻቸው?»

«አዎ።»

«ጠያቂው ምን አላቸው?»

«አልሰማሁም። ርቄ ነበር።»

«መልሱን ያውቁት ነበር» አለ አባቴ፤ ለእኔ ሳይሆን ለራሱ። «ማታ እኔም ሰምቻቸዋለሁ። ካላሳለፏቸው አስቀድሞ የነገራቸው ሰው አለ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አጠገባቸው ማን ነበር?»

«ተቆጣጣሪው» አልኩ። «አጠገባቸው ቆሞ ነበር።»

ውሸት አልነበረም። እዚያው ነበር የቆሙት፤ በግራ በኩል። እናቴ በሩ ላይ ቆማ ትሰማ ነበር። የጓደኛዬን አባት «ቆሞ ነበር» ስል፣ ከበርበሬው ወዲህ ከወላጆቼ በቀር አንድን ታላቅ ሰው እንደዚያ ስጠራ የመጀመሪያዬ ነው። እናቴ ወደ በርበሬው አልሄደችም።

የቀረውን መድረኩ ላይ የነበሩት ሰዎች ጨመሩበት። ጎንበስ ብለው በጆሮው ሲያንሾካሹኩ አይተናል አሉ፤ እሱም ውሸት አልነበረም። በሳምንቱ ማታ ማታ ቆርቆሯቸው ላይ ድንጋይ መውደቅ ጀመረ። በወሩ ባለ ሱቆቹ ዕቃ አንሸጥም አሉ። አባቴ የዳማውን ገበታ በልጅ መልሶ ላከላቸው። ሚስታቸው ትንንሾቹን ይዘው ወደ ድሬዳዋ ተመለሱ፤ እሳቸው «ከሄድኩ አደረገው ይላሉ» ብለው ቀሩ፤ ጓደኛዬም «አባቴን ጥዬ አልሄድም» ብላ ቀረች። ትምህርት ቤት አጠገቧ የሚቀመጥ ጠፋ። እኔ ከወንበራችን አልተነሣሁም። ሰው ለዚህ ሲያመሰግነኝ ኖሯል፤ እሷም አመስግናኛለች። አይገባኝም ነበር።

አንድ ጊዜ ተቆጣጣሪው ቤታችን መጡ። አባቴ መስጊድ ነበር። ወደ ውስጥ አልገቡም፤ የደንብ ልብስ ቆባቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

«ልጄ፣ አንቺ ከቧንቧው ጋ ነበርሽ» አሉኝ። «ያልኩትን ሰምተሻል። ለአባትሽ ንገሪው። ለእሱ ብቻ።»

ለአባቴ ብነግረው የጠየቁትን ሁሉ ልነግረው ነው፤ ጥያቄውን ከነገርኩት ደግሞ ያላስተማርኩትን ሊሰማ ነው። ከፊቴ አንድ ቀጥ ያለ መንገድ ነበረ፤ ርዝመቱ ከበሩ እስከ መስጊዱ ቢሆን ነው።

«አልሰማሁም» አልኳቸው።

ቆባቸውን አደረጉ። «እሺ፣ ልጄ» አሉና ሄዱ።

ነፃነት የመጣ ዕለት ከተማው ሁሉ ከበሮ ነበር። ሽቦውን በእጃቸው ሲነቅሉ መዳፋቸው እየደማ ይዘፍኑ ነበር አሉ። የእንግዳውን ፎቶ በእንጨት ሰቅለው በየካርቲዬው አዞሩት። እኔ ቤት ሆኜ የአባቴን ሸሚዝ ስተኩስ ዋልኩ። ተቆጣጣሪው በራቸውን ከውስጥ ቀርቅረው ከልጃቸው ጋር እንደተቀመጡ በኋላ ሰማሁ። ከሥራም ያን ሰሞን አስወጧቸው። እድሜያቸው እስኪያልቅ ከጣቢያው አጥር ውጪ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ባቡር ሲወጣና ሲገባ ያዩ ነበር፤ ባቡሩ ሲቀርም ሐዲዱን። ሲሞቱ የቀበራቸው ሰው ከእኔና ከጓደኛዬ ጋር አምስት አልሞላም።

አባቴ ከእሳቸው በፊት ነው የሞተው። ሊሞት ሲል እንኳ ስማቸውን አላነሣም። ከዚያ ወዲያ የሚያስፈራኝ ሰው አልነበረም። የቆየ ነገር ግን በራሱ ይከብዳል፤ ዛሬ ነገ ስል ሃምሳ ዓመት ሞላ።

ትናንት ጠዋት አሮጌው ጣቢያ ሄድን። የጣቢያው መዝጊያዎች ቀለማቸው ተልጧል፤ በሐዲዱ መካከል ፍየሎች ይተኛሉ። የእንግዳው ልጅ፣ የትንሽ ጣቱን ቀለበት እያሽከረከረ፣ ድንጋዩ ከሚቆምበት ግድግዳ ፊት ቆሟል። አባቱ ሲወሰዱ የሁለት ዓመት ልጅ ነበር፤ አሁን ፀጉሩ ነጭ ነው። ከማዘጋጃ ቤት የመጡ ሁለት ሰዎች ጥላው ውስጥ ናቸው። ግንበኛው ሲሚንቶ እያቦካ ነው። ድንጋዩ በጨርቅ ተሸፍኖ ግድግዳውን ተደግፏል። ጓደኛዬ በቀኜ ናት። የሬንጅ ሽታ የለም። የውኃ ቧንቧው ተነቅሏል፤ ቀዳዳው ግን አለ።

በፈረንሳይኛ ነገርኩት። ማን የት እንደቆመ፣ ምን እንደተጠየቁ፣ ምን እንደመለሱ፣ ተቆጣጣሪው በጆሮው ምን እንዳሉ። አባቴ ያዘዘኝን፣ እኔ ያላደረግሁትን። ለአባቴ የተናገርኳትን አንዲት ቃልም ነገርኩት። ረጅም አልነበረም። ሃምሳ ዓመት ይዤው የኖርኩት ነገር ሲነገር አሥር ደቂቃ አልሞላም።

ልጅየው በትዕግሥት አዳመጠኝ። ጨዋ ሰው ነው።

«ማዳም» አለኝ፣ «እርስዎ ልጅ ነበሩ። ልጅ ብዙ ነገር በራሱ ያመካኛል።»

«ድንጋዩ ላይ ያለው ቃል ልክ አይደለም» አልኩት።

ወደተሸፈነው ድንጋይ ተመለከተ። «ታዲያ ምን ልጻፍ? በአክብሮት ተያዙ ልበል?»

ከማዘጋጃ ቤት ሰዎቹ አንዱ ሳቀ። ልጅየው አልሳቀም፤ ቀለበቱን ብቻ አንድ ጊዜ አዞረ። «አባቴን አንዲት የአማርኛ ቃል ጣለቻቸው ብዬ ለልጆቼ ልነግር አልችልም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።» ከዚያ ለግንበኛው በሶማሊኛ ቀጥል አለው።

ጨርቁን ገለጡት። ቃሉ በሁለተኛው መስመር ላይ ነበር። ድንጋዩን አንሥተው ግድግዳው ላይ አሳረፉት፤ ሲሚንቶው በጠርዙ ተገፍቶ ሲወጣ ግንበኛው በጣቱ ጠረገው።

ወደ ጓደኛዬ ዞርኩ። ድንጋዩን አልነበረም የምታየው። የቧንቧውን ቀዳዳ ነበር።

«አባቴ ‹ጆሯቸው› ነው ያለው?» አለችኝ።

«አዎ።»

«‹ተዋቸው› አለ?»

«አዎ። ‹ተዋቸው ወንድሜ› ነው ያሉት።»

ራሷን ነቀነቀች። መብሻውን ከመሐረቡ አወጣችው፤ አልጨመቀችውም፤ መልሳ ጠቀለለችው።

«ቤታችሁ መጥቶ የለመነሽ ቀን ይህን ታውቂ ነበር።»

«አውቅ ነበር።»

ግንበኛው ባልዲውን ያጥብ ነበር። ውኃው በእግራችን መካከል ፈሰሰ።

«ፀሐዩ በርትቷል» አለች። «ይመታዎታል። ይሂዱ እንግዲህ።»

ማንን እንደምትናገር ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርኩ። ከኋላዬ ማንም አልነበረም።

«ደህና ይሁኑ» አለችኝ።

ጃንጥላዬን ከግድግዳው አንሥቼ ወጣሁ።